ጨዋታም ሥራ ነው፦ የቢሊ ሜሬዲት የእግር ኳስ ሕይወት

የመረጥኩት ርዕስ ከሩቅ አገርና ከሩቅ ዘመን የመጣ ነው። ሆኖም ንግግሬን ስጨርስ ጉዳዩ የእኛም መሆኑን እንደምትቀበሉልኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

ማንቸስተር ዩናይትድና ማንቸስተር ሲቲ በሚጋጠሙበት ዕለት አዲስ አበባም ሆነ ሐዋሳ፣ ጅማም ሆነ ባሕር ዳር ጨዋታ የሚያሳዩ ቤቶች መቆሚያ እንኳ አይገኝባቸውም። የሁለቱን ክለቦች አሰላለፍ በቃሉ የሚያወርድ ወጣት በየሰፈሩ አለ። የሁለቱም ክለቦች የመጀመሪያ ታላቅ ኮከብ አንድና ያው ሰው እንደነበረ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ቢሊ ሜሬዲት ይባላል፤ የዌልስ ተወላጅ፣ የቀኝ መስመር አጥቂ ነበር። ለሲቲ የመጀመሪያውን ታላቅ ዋንጫ በአምበልነት አነሣ። ዩናይትድ የመጀመሪያዎቹን የሊግ ሻምፒዮናዎች ሲያገኝ ከቡድኑ ምሰሶዎች አንዱ ነበር። 50 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ሲቀሩትም በኤፍኤ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ተሰልፎ ተጫወተ።

ዛሬ ስለዚህ ሰው ልናገር የመጣሁት በአንድ ምክንያት ነው። ሜሬዲት መጫወት ሥራ ነው ብሎ ያምን ነበር። ሥራ ከሆነ ሙያ ይጠይቃል፤ ሙያ የሚጠይቅ ሥራ ደግሞ ተገቢ ዋጋና መብት አለው። ይህን እምነቱን በእግሩም በአንደበቱም ሲሟገትለት ኖረ። ንግግሬን በአራት እከፍላለሁ። መጀመሪያ ከየት እንደመጣ አያለሁ። ቀጥሎ በዚያ ዘመን የመስመር አጥቂ ምን ይሠራ እንደነበር፣ እሱም እንዴት ይሠራው እንደነበር አስረዳለሁ። ሦስተኛው ክፍል ስሙን ስላጎደፈው የ1905 ቅሌት ነው። በአራተኛው የተጫዋቾችን ማኅበር ታሪክ አንሥቼ ለእኛ የሚሆነውን ነገር እናገራለሁ። ከአንድ ቦታ በቀር ቀናቱንና ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ ላሳስብ።

እንግዲህ ከመጀመሪያው ልጀምር። ሜሬዲት የተወለደው ሐምሌ 30 ቀን 1874 በሰሜን ዌልስ፣ ከእንግሊዝ ድንበር አጠገብ፣ ቸርክ በተባለች የከሰል ማዕድን መንደር አካባቢ ነው። ቤተሰቡ ብዙ ልጆች ያሉት የማዕድን ሠራተኛ ቤተሰብ ነበር። በ12 ዓመቱ ብላክ ፓርክ ወደሚባለው የከሰል ጉድጓድ ወረደ። ሥራው በመሬት ሥር የከሰል ጋሪ የሚጎትቱ ድንክ ፈረሶችን መንዳት ነበር። በዚያ ዕድሜው ቀን የሚባለውን ነገር በአብዛኛው የሚያየው በእረፍት ቀን ነበር ማለት ይቻላል። በመንደሪቱ ትምህርት ቤት ግን ለእግር ኳስ የተለየ ፍቅር የነበራቸው ቶማስ የተባሉ መምህር ነበሩ። ያች ትንሽ መንደር ለዌልስ ብሔራዊ ቡድን በርካታ ተጫዋቾችን ልታፈራ የቻለችው በአብዛኛው በእሳቸው ትጋት ነው። ሜሬዲትም ከእነዚያ አንዱ ሆነ።

በመንደሩ ቡድን በቸርክና በእንግሊዙ ኖርዝዊች ቪክቶሪያ ከተጫወተ በኋላ በጥቅምት 1894 ማንቸስተር ሲቲ ወሰደው። እናቱ ልጃቸው አገሩን ጥሎ በጨዋታ እንጀራ እበላለሁ ማለቱን አልወደዱትም ነበር። በእሳቸው ዓይን ሥራ ማለት ጉድጓድ ወርዶ ከሰል ይዞ መውጣት ነው፤ ኳስ ማሳደድ ልጆች ከሥራ በኋላ የሚያደርጉት ነገር ነው። ልጁም ወዲያው ጉድጓዱን አልተወም። ለተወሰነ ጊዜ በአዘቦት ቀን ማዕድን እየሠራ፣ ጨዋታ ሲኖር በባቡር ወደ ማንቸስተር ይመላለስ ነበር። የመጀመሪያ ጨዋታውን በኒውካስል ሜዳ 5 ለ 4 ተሸነፈ። በሳምንቱ የዛሬው ማንቸስተር ዩናይትድ ከነበረው ከኒውተን ሂዝ ጋር ተጋጥመው 5 ለ 2 ተረቱ፤ የሲቲን ሁለቱንም ግቦች ያስቆጠረው ግን እሱ ነበር።

ይህን የማዕድን አስተዳደግ ረዘም አድርጌ ያነሣሁት ስለ ልጅነቱ ድህነት ልተርክላችሁ ብዬ አይደለም። የማዕድን ሠራተኛ ሁለት ነገር ያውቃል። አንደኛው ሰውነት የሥራ መሣሪያ መሆኑን ነው፤ ካልተንከባከቡት ያልቃል። ሁለተኛው ብቻውን የቆመ ሠራተኛ አቅም እንደሌለው ነው። የታላቋ ብሪታኒያ የማዕድን ሠራተኞች ፌዴሬሽን የተመሠረተው በ1889፣ ሜሬዲት ገና በጉድጓድ ሥር የሚሠራ የ15 ዓመት ልጅ ሳለ ነው። እነዚህን ሁለት እውቀቶች ይዞ ወደ ሜዳ መጣ። ቀጥሎ የምነግራችሁ ሁሉ ከእነዚህ የሚቀዳ ነው።

ወደ ሁለተኛው ክፍል ልሻገር። በዚያ ዘመን ቡድኖች የሚሰለፉት በሁለት ተከላካዮች፣ በሦስት አማካዮችና በአምስት አጥቂዎች ነበር። ከአምስቱ አጥቂዎች ሁለቱ የሜዳውን ዳርና ዳር ይይዛሉ። የመስመር አጥቂ የሚባለው ይህ ነው፤ ሥራው ኖራ ከተሰመረበት ዳር ሳይርቅ ኳስ ተቀብሎ፣ የሚያጋጥመውን ተከላካይ አልፎ፣ እስከ ማዕዘኑ ባንዲራ ደርሶ ወደ ግብ ክልል ማሻማት ነበር። የዛሬው የመስመር ተጫዋች ወደ ኋላ ተመልሶ ይከላከላል፣ ወደ መሐል ይገባል፣ ቦታ ይለዋወጣል። የያኔው ግን ለአንድ ጠባብ መሬት የተመደበ ባለሙያ ነበር።

ሕጉም ከዛሬው ይለያል። እስከ 1925 ድረስ አንድ አጥቂ ከጨዋታ ውጪ እንዳይባል በእሱና በግቡ መስመር መካከል ሦስት ተጋጣሚዎች ሊኖሩ ይገባ ነበር፤ ዛሬ ሁለት ይበቃሉ። ስለዚህ ከተከላካይ ጀርባ ረጅም ኳስ ጥሎ መሮጥ እንደ ዛሬው ቀላል አልነበረም። የመስመር አጥቂው ኳሱን በእግሩ ይዞ ሰውን ፊት ለፊት ማለፍ ነበረበት። ኳሱ በጠፍር የታሰረ ቆዳ ነው፤ ዝናብ ሲመታው ይከብዳል። ጫማውም ወፍራም ቆዳ ነው። ተቀያሪ ተጫዋች የሚባል ነገር አልነበረም፤ የተጎዳ ሰው ወይ እያነከሰ ይጨርሳል ወይ ቡድኑን አጉድሎ ይወጣል። አብዶ የሚሠራ ተጫዋች ደግሞ ያኔም እንደ ዛሬ የተከላካዮች ኢላማ ነበር። በእንዲህ ያለ ሜዳ አሥር ዓመት መቆየት ትልቅ ነገር ነው። ሜሬዲት ወደ 30 ዓመት ቆየ።

መልኩን የሚያሳዩን ፎቶግራፎች አሉ። ቀጭን ነው፤ እግሮቹ ጎበጥ ያሉ ናቸው፤ በአፉ ጥግ ስንጥር ይዟል። እየተጫወተም ስንጥሩን እያኘከ ስለነበር የጋዜጣ ካርቱን ሠሪዎች በዚያ ይለዩት ነበር። በጨዋታው የሚታወቀው ግን በርጋታው ነው። ተከላካዩ እስኪቀርበው ይጠብቃል፤ ሰውየው ክብደቱን ወደ አንድ ጎን ሲጥል በሌላው ጎን ያልፈዋል። መስመሩን ይዞ ሲሮጥ ያሻማል ብለው ሲጠብቁት ኳሱን በተረከዙ ወደ ኋላ ይተውና ተከትሎት ለሚመጣው ጓደኛው ያቀብላል። ተከላካዮች ወደ ውጪ ሲገፉት ወደ ውስጥ ገብቶ ራሱ ይመታል። ሲቲ በ1899 ሁለተኛውን ዲቪዚዮን አሸንፎ ወደ ላይ ሲያድግ ከመስመር ላይ ተነሥቶ 29 የሊግ ግቦች አስቆጥሯል።

ከሁሉም የሚበልጠውን ትምህርት የማገኘው ግን ከግቦቹ አይደለም፤ ግቦቹ ከቀነሱበት ዘመን ነው። በሲቲ ቤት በሁለቱ ቆይታዎቹ ከ140 በላይ ግቦች አስቆጥሯል። በዩናይትድ ቤት በ335 ጨዋታዎች ያስቆጠረው 36 ብቻ ነው። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ወደቀ ሊል ይችላል። በእኔ አስተያየት ነገሩ ተቃራኒው ነው። ለዩናይትድ መጫወት ሲጀምር ዕድሜው 32 ነበር። ፍጥነት ቀድሞ የሚከዳ ሀብት ነው፤ ስለዚህ ሥራውን ከራሱ ግብ ወደ ሌሎች ግብ አዞረው። ኳሱን ለቡድን ጓደኞቹ ለእነ ሳንዲ ተርንቡል በጭንቅላት ልክ እያሻማ ማቀበልን ዋና ሥራው አደረገ። ሰውነቱንም በጥብቅ ይጠብቅ ነበር፤ ጡንቻውን በማሻሸት፣ በመደበኛ ልምምድና በቁጥብ አኗኗር ይንከባከበው ነበር። በ20 ዓመቱ የነበረው ተሰጥኦ የተፈጥሮ ስጦታ ነው፤ በ40 ዓመቱ የነበረው ግን በሥራ የተገነባ ሙያ ነው። ወጣት ተጫዋቾች ይህን ልዩነት በተለይ እንድታጤኑት እለምናለሁ።

የሲቲ ዘመኑ ከፍታ ሚያዝያ 23 ቀን 1904 ነበር። በለንደኑ ክሪስታል ፓላስ ሜዳ በኤፍኤ ዋንጫ ፍጻሜ ሲቲ ቦልተንን 1 ለ 0 ሲያሸንፍ ብቸኛዋን ግብ ያስቆጠረው አምበሉ ሜሬዲት ነው። ብዙዎች ከጨዋታ ውጪ ነበር ብለው ተከራክረዋል፤ ግቧ ግን ጸደቀች። የማንቸስተር ከተማ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ታላቅ ዋንጫ አግኝታ አታውቅም ነበር። ሜሬዲት በከተማዋ የማይታወቅበት ቤት ያልነበረው ከዚያ ቀን ወዲህ ነው። ውድቀቱም ከአንድ ዓመት በኋላ መጣ።

አሁን ወደ ሦስተኛው ክፍል እገባለሁ፤ ከባዱም ክፍል ይኸው ነው። በሚያዝያ 1905 የውድድር ዘመኑ የመጨረሻ ቀን ሲቲ የሊጉን ሻምፒዮና የማግኘት ተስፋ ይዞ ወደ አስቶን ቪላ ሄደ። ጨዋታው በድብድብ የተሞላ ነበር፤ ሲቲ 3 ለ 2 ተሸነፈ። በኋላ በተደረገው ምርመራ ሜሬዲት ለቪላው አምበል ለአሌክ ሊክ ጨዋታውን እንዲለቅላቸው 10 ፓውንድ እንዳቀረበለት ተገለጠ። የእንግሊዝ እግር ኳስ የበላይ አካል የሆነው ኤፍኤ ለረጅም ጊዜ አገደው። ሜሬዲት በመጀመሪያ ክሱን ካደ።

በእገዳው ወራት ከክለቡ ገንዘብ ጠየቀ። ክለቡ መክፈል አልቻለም፤ ጭራሹን ለኤፍኤ ከሰሰው። በዚህ ጊዜ ሜሬዲት የሚያውቀውን ሁሉ አወጣ። ጉቦውን ያቀረበው በራሱ አሳብ ብቻ እንዳልነበረ፣ አሠልጣኙ ቶም ሜሊም እንዳሉበት ተናገረ። ከዚያም ትልቁን ምሥጢር ገለጠ። ከ1901 ጀምሮ የአንድ ተጫዋች ደመወዝ በሳምንት ከ4 ፓውንድ እንዳይበልጥ በሕግ ተወስኖ ነበር፤ ሲቲ ግን ለእሱ 6 ፓውንድ ይከፍለው ነበር፤ ለሌሎቹም ከመዝገብ ውጪ ገንዘብ ያድል ነበር። በ1906 ኤፍኤ 17 የሲቲ ተጫዋቾችን እስከ ዓመቱ መጨረሻ አገዳቸው፤ ከነቅጣቱም ዳግመኛ ለሲቲ እንዳይጫወቱ ከለከላቸው። አሠልጣኙና የቀድሞው የክለቡ ሊቀ መንበር ከእግር ኳስ ታገዱ። አንድ ጠንካራ ቡድን በአንድ ቀን ፈረሰ።

በዚህ ጉዳይ ላይ ፍርዴን በግልጽ ልናገር። ጉቦ ማቅረቡ ጥፋት ነው፤ ምንም ማመካኛ የለውም። ተመልካች የሚከፍለው በሜዳ ላይ የሚያየው ነገር እውነት ነው ብሎ ነው። ይህን እምነት የሚሸጥ ተጫዋች ምንም ያህል ታላቅ ቢሆን ሙያውን ያረክሳል። ሜሬዲትን የምናከብረው ይህን ደብቀን መሆን የለበትም። ከመዝገብ ውጪ የሆነው ክፍያ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሁለቱን አንድ ላይ ማጨቅ አይገባም። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ትኬት ቆርጦ ይገባል። የመጣውም ሜሬዲትን ሊያይ ነው። ክለቡ ያተርፋል፤ ተጫዋቹ ግን ከ4 ፓውንድ በላይ እንዳይጠይቅ ተከልክሏል። 4 ፓውንድ ከማዕድን ሠራተኛ ደመወዝ ይበልጣል፤ ይህ እውነት ነው። የማዕድን ሠራተኛው ግን ቢከፋው ወደ ሌላ ጉድጓድ ይሄዳል። ተጫዋቹ ይህ መብት አልነበረውም። ምዝገባው በክለቡ እጅ ስለሆነ ክለቡ ካልለቀቀው በሊጉ ውስጥ ሌላ ቦታ መጫወት አይችልም፤ ክለቡ ደመወዝ ሳይከፍለውም እንኳ ምዝገባውን መያዝ ይችል ነበር።

እውነተኛውን ዋጋ የማያውቅ ሕግ ሰዎችን ሁሉ ወደ ውሸት ይገፋል። ክለብ ሁለት መዝገብ ይይዛል፤ ተጫዋች ያልተቀበለውን ፈርሞ የተቀበለውን ይደብቃል፤ ተቆጣጣሪው አውቆ እንዳላወቀ ይሆናል። ሲቲ ላይ የደረሰው ይህ ነው፤ ሲቲ ብቻውን እንዳልነበረም በዘመኑ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀው ነበር። በእኛ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. ክረምት የአገራችን ክለቦች የአንድ ተጫዋች ወርኃዊ ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ሲስማሙ የተነሣውን ክርክር ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ክለቦች ከአቅማቸው በላይ ያወጣሉ የሚለው ሥጋት እውነተኛ ሥጋት ነው፤ አላቃልለውም። ስለ ጣሪያ ከመወሰናችን በፊት ግን እንግሊዞች በዚሁ መንገድ 60 ዓመት ተጉዘው ምን እንዳገኙ ማጥናት ይገባናል።

ታሪኩን ልቀጥል። የዩናይትዱ ሥራ አስኪያጅ ኧርነስት ማንግናል ከታገዱት ውስጥ ሜሬዲትን፣ ሳንዲ ተርንቡልን፣ ኸርበርት በርጀስንና ጂሚ ባኒስተርን አስፈረሙ። እገዳው ባበቃበት ማግሥት፣ ጥር 1 ቀን 1907፣ ዩናይትድ ከዚያው ከአስቶን ቪላ ጋር ተጋጠመ። ሜሬዲት ከመስመር አሻማ፣ ተርንቡል አስቆጠረ፣ ዩናይትድ 1 ለ 0 አሸነፈ። በ1908 ክለቡ የመጀመሪያውን የሊግ ሻምፒዮና፣ በ1909 የመጀመሪያውን የኤፍኤ ዋንጫ፣ በ1911 ሁለተኛውን የሊግ ሻምፒዮና ወሰደ። በየካቲት 1910 ኦልድ ትራፎርድ ሲመረቅም በቀኙ መስመር የሚሮጠው እሱ ነበር።

እንግዲህ ወደ አራተኛውና ለእኔ ከሁሉ ወደሚበልጠው ክፍል ደርሰናል። በሚያዝያ 1907 የዩናይትድ ተጫዋች የነበረው ቶማስ ብላክስቶክ በተጠባባቂዎች ጨዋታ ላይ ኳስ በጭንቅላቱ ከመታ በኋላ ወድቆ ሞተ። የአሟሟቱ ምርመራ በተፈጥሮ ምክንያት ሞተ ብሎ ወሰነ። ቤተሰቡም ካሳ አላገኘም። በጉድጓድ ሥር ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ ምን እንደሚያስብ መገመት አያዳግትም። ሠራተኛ በሥራው ላይ እንዳለ ሞቷል፤ አሠሪው ግን ዕዳ የለብኝም ይላል። ታኅሣሥ 2 ቀን 1907 በማንቸስተር ኢምፔሪያል ሆቴል ተጫዋቾች ተሰብስበው ማኅበር መሠረቱ። ስብሰባውን የመራው ሜሬዲት ነበር፤ ከጎኑም የቡድን ጓደኛው ቻርሊ ሮበርትስ ቆሞ ነበር። ቀደም ሲል በ1898 የተቋቋመ ተመሳሳይ ማኅበር ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ፈርሷል። ይህኛው ግን ቆየ።

ማኅበሩ የጠየቀው ሦስት ነገር ነው ማለት ይቻላል፦ የደመወዝ ጣሪያው እንዲነሣ፣ ተጫዋች እንደማንኛውም ሠራተኛ አሠሪውን የመለወጥ መብት እንዲኖረው፣ የተጎዳና የሞተ ተጫዋች ካሳ እንዲያገኝ። መጀመሪያ ላይ ኤፍኤ ተቃውሞ አላሳየም። ማኅበሩ ከሌሎች የሠራተኛ ማኅበራት ጋር ለመተባበር ሲነሣ ግን ነገሩ ተለወጠ። በ1909 ክረምት ኤፍኤ ማኅበሩን ያልለቀቀ ተጫዋች ምዝገባው ይሰረዛል ብሎ ትእዛዝ አወጣ። በየክለቡ ብዙዎች ፈርመው ወጡ። የዩናይትድ ተጫዋቾች ግን እምቢ አሉ። ክለባቸው ቅጥራቸውን አገደ፤ እነሱም በፋሎፊልድ በራሳቸው ልምምድ ቀጠሉ። በዚያ የተነሡት ፎቶግራፍ እስከ ዛሬ አለ፤ ከፊታቸው የተተከለው ሰሌዳ የተገለሉት እግር ኳስ ክለብ፣ 1909 ይላል። የአገሪቱ ሻምፒዮና ዋንጫን በቀደመው ዓመት፣ የኤፍኤ ዋንጫን ከወራት በፊት ያነሡ ሰዎች ያለ ደመወዝ፣ ያለ ክለብ ቆመው ነበር።

የውድድር ዘመኑ ሊጀመር አንድ ቀን ሲቀረው ስምምነት ተደረሰ። የማኅበሩ ሕልውና ታወቀ፤ የታገዱትም ተመለሱ። በምትኩ ማኅበሩ ከአጠቃላዩ የሠራተኛ ማኅበራት ፌዴሬሽን ጋር መተሳሰሩን መተው ነበረበት። ሜሬዲት በዚህ አልተደሰተም፤ ብዙ ጓደኞቹ ለራሳቸው ጉዳይ ቆራጥ አለመሆናቸው ያሳዝነው ነበር። ድሉ ግማሽ ድል ነበር፤ ሆኖም ሥር ሰደደ። በዚያው ዘመን ዎከር የተባለ የክሪስታል ፓላስ ተጫዋች በጨዋታ ተጎድቶ ካሳ በጠየቀ ጊዜ፣ ክለቡ ይህ ሰው ሠራተኛ አይደለም ብሎ ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ ግን የሙያ ተጫዋች በቅጥር ውል የሚሠራ ሠራተኛ ነው ብሎ ፈረደ። ሜሬዲት ዕድሜ ልኩን ያለውን ነገር ዳኞች በሕግ ቋንቋ ጻፉት።

ሌላው ጥያቄ ግን እንዲህ በቀላሉ አልተመለሰም። በ1912 ማኅበሩ ሃሪ ኪንጋቢ የተባለውን፣ እሱም የመስመር አጥቂ የነበረውን ተጫዋች ደግፎ ስለ ዝውውር ሥርዓቱ አስቶን ቪላን ከሰሰ። ተሸነፈ፤ በወጪውም ሊከስር ደረሰ። የደመወዝ ጣሪያው የተነሣው በ1961 ነው። ክለብ ተጫዋችን ያለ ፈቃዱ ይዞ የማቆየቱ ሥርዓት በ1963 በጆርጅ ኢስታም ክስ ተናጋ። ውሉ ያለቀበት ተጫዋች ያለ ክፍያ ወደ ሌላ ክለብ እንዲሄድ ያስቻለው የአውሮፓ ፍርድ ቤት የቦስማን ውሳኔ የመጣው በ1995 ነው። ዛሬ በነፃ ዝውውር ሄደ እያልን የምንሰማው ዜና ሁሉ ወደ ኋላ ቢቆጠር ወደዚያ የማንቸስተር ሆቴል ስብሰባ ያደርሰናል።

የሜሬዲት የመጨረሻ ዓመታት ይህንኑ እምነቱን ያጸናሉ። ለዌልስ ከ1895 እስከ 1920 ድረስ 48 ጊዜ ተሰለፈ፤ የእንግሊዝ ክለቦቹ አንለቅህም ባይሉት ኖሮ ቁጥሩ ከዚህ በጣም በበለጠ ነበር። መጋቢት 15 ቀን 1920 በለንደኑ ሃይበሪ ዌልስ እንግሊዝን 2 ለ 1 አሸነፈች። በይፋዊ ግጥሚያ እንዲህ ያለ ድል ስታገኝ ከ1882 ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር። ሜሬዲት ያን ቀን 45 ዓመት ከ229 ቀን ሆኖት ነበር፤ ለአገሩም የተጫወተው ለመጨረሻ ጊዜ ነው። በ1921 ያለ ዝውውር ክፍያ ወደ ሲቲ ተመለሰ። መጋቢት 29 ቀን 1924 በበርሚንግሃም ከኒውካስል ጋር በተደረገው የኤፍኤ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ተሰልፎ 2 ለ 0 ተሸነፈ፤ ጫማውንም ሰቀለ። ዕድሜው 49 ነበር።

ከዚያ በኋላ በማንቸስተር መጠጥ ቤት እያስተዳደረ ኖረ። ሚያዝያ 19 ቀን 1958 በ83 ዓመቱ አረፈ። ከተማዋ በዚያው ዓመት በየካቲት በሙኒክ የአውሮፕላን አደጋ ያለቁትን የዩናይትድ ተጫዋቾች ገና ታለቅስ ስለነበር ሞቱ ብዙ አልተነገረም። መቃብሩም ለአሥርት ዓመታት ስም የተጻፈበት ድንጋይ አልነበረውም። በ2001 ሲቲ፣ ዩናይትድ፣ የዌልስ እግር ኳስ ማኅበርና እሱ ከመሠረቱት አንዱ የሆነበት የተጫዋቾች ማኅበር በጋራ ሐውልት አቆሙለት። ሁለቱን ተቀናቃኝ ክለቦች በአንድ ጉዳይ ማስማማት የሚችል ስም ብዙ የለም።

ክቡራትና ክቡራን፣ ንግግሬን በልመና ልጨርስ። ወጣት ተጫዋቾች፣ ተሰጥኦ ዕድሜ አለው፤ ሰውነታችሁን እንደ መሣሪያችሁ ጠብቁ፣ ፍጥነት ሲቀንስ የሚተካውን ችሎታ ከአሁኑ ተማሩ፣ ውላችሁን ሳታነቡ አትፈርሙ፣ ብቻችሁንም አትቁሙ። ጨዋታ ለመሸጥ የሚጠይቃችሁ ሰው ቢመጣ የሜሬዲትን 1905 አስታውሱ፤ የታላቅ ሰው ስም እንኳ ያን ቀን ከትከሻው አላወረደም። የክለብ ኃላፊዎች፣ ደመወዝ በወቅቱ ክፈሉ፣ የተጎዳውን አሳክሙ፣ ቃል የገባችሁትን በመዝገብ ጻፉ። እኛ ተመልካቾች ደግሞ ማልያ ለብሰን ስንጨፍር በማልያው ውስጥ ያለው ሰው ሠራተኛ መሆኑን እንወቅ፤ ደመወዙ ሲቋረጥ ተጫዋቹ ብቻውን እንዳይጮህ አብረነው እንጩኽ።